ኮድ አዛዋሪው ግርማ

ቤቱን የሠራው ተረስቶ ዕቃ ያጓጓዘው ሲመሰገን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ቅናት እንዳይመስላችሁ!

ሳን ሆዜ አብሮኝ የሚሠራው ግርማ የኮምፒውተር ፕሮግራማችንን ወደ አዲስ ሲስተም «ሙቭ አደረገው»። የሲስተሙ ሥራ ኮድ የሚባለውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው መዝግቦ መያዝ ነው። ግርማ ግን የድሮውን መዝገብ ትቶ ኮዱን ብቻ አዛወረ። አዲሱ ሲስተም ታዲያ ማንን ይወቅ? ዓመታት የለፋሁበትን ሁሉ በግርማ ስም ጻፈው።

አዲሱ አለቃችን ኮምፒውተሩ ላይ የግርማን ስም እያየ፣ «ይህን ሁሉ ብቻህን?» ሲለው ግርማ እንደ ሙሽራ አቀረቀረ። የእኔ ነው እንዳልል፣ ቅናት ይመስልብኛል። እሑድ ደግሞ ኦክላንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ የግርማ ዝና የደረሳቸው እማማ ተዋበች እጄን ይዘው፣ «አንተስ ልጄ፣ ከግርማ ሥር ሆነህ ትንሽ ትንሽ ለመድክ?» አሉኝ።

እግዜር ግን ፈራጅ ነው፤ ሰኞ ፕሮግራሙ ተበላሸ። የተሳሳተው መስመር የማን ነው ቢባል፣ የግርማ! እኔ እንደጻፍኩት ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። እሰይ ብዬ ወንበሬን አመቻችቼ ቁጣውን ጠበቅሁ።

አለቃችን መጥቶ የግርማን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና፣ «ይህን ያህል የጻፈ ሰው አንዴ ቢሳሳት ምን ይገርማል?» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተማ ምን ትሳሳታለህ? አንድ መስመር የለህ!»