ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው

በየሰፈሩ ሐኪም ያልሆነ ሐኪም አይታጣም። ቡራዩ፣ እነ ዮአብ ግቢ ያሉት ክቡር ዶክተር ጋሽ የሺጥላ ናቸው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ካርዱን ግን ሁሉንም አንብበውታል። "በእኔ እጅ ያላለፈ በሽታ የለም" ይላሉ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እንኳ ምላሱን አስወጥተው አይተው፣ ደም ማነስ አለብህ ብለው አሰናብተውታል። አላፊ አግዳሚው "አካም ጅርቱ፣ ዶክተሬ!" ሲላቸው እንደ ተራ ሰላምታ አይቀበሉትም፤ ቆም ብለው የሰላምተኛውን የዓይን ቀለም ያያሉ።

ዮአብና መንትያው ሙሴ ከሆሳዕና መጥተው ፋብሪካ የገቡ፣ እዚያው ግቢ አንድ ክፍል የተከራዩ ናቸው። ቁርጥ አንድ ናቸው። ብቻ ዮአብ ግራኝ ነው፤ የአናታቸው ፀጉርም የአንዱ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ይዞራል። አምና ሙሴን በቀኝ በኩል ሆዱን ሲያመው ጋሽ የሺጥላ አንዴ ጫን አድርገው "ትርፍ አንጀት!" አሉ። ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው!

ዘንድሮ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተራው የዮአብ ሆነ። በግራ በኩል።

"ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው። ይሄ ነፋስ ነው" ብለው ተልባ በጠበጡለት። ጠጣ፤ አስመለሰው። ደገሙለት። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ላብ አጠመቀው።

"ጋሼ፣ እኔንም ያመመኝ እንዲሁ ነበር እኮ" አለ ሙሴ።

"አንተን በቀኝ፣ እሱን በግራ! እኔን ልታስተምረኝ ነው?"

ሙሴ ባጃጅ ጠራ። ጋሽ የሺጥላም ተልባውን ከነጆጉ ይዘው ተከትለው ገቡ።

ሆስፒታል ዶክተር ሲድራ ማዳመጫዋን ዮአብ ግራ ደረት ላይ አሳረፈችና ግንባሯን ቋጠረች። ወደ ቀኝ አዛወረችው። ዮአብ ሕመሙን ረስቶ "ምነው፣ ልቤ የለም እንዴ?" አለ።

"አለ፤ በቀኝህ ነው ያለው።" በአልትራሳውንድም አየችው። "ጉበትህ በግራ፣ ትርፍ አንጀትህም በግራ። መንትዮች ላይ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ለወንድምህ የመስታወት መልኩ ነህ። በራሱ በሽታ አይደለም። ትርፍ አንጀትህ ግን ሊፈነዳ ደርሷል፤ አሁኑኑ ይወጣል።"

"ታዲያ ከሁለታችን የተገለበጠው ማነው?" አለ ሙሴ። ጋሽ የሺጥላ ጆጉን ወንበር ስር ደብቀው ነበር። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ አሉ።

ዮአብ ድኖ ሲመለስ ግቢው ጭር ብሎ ጠበቀው። ጋሽ የሺጥላ በራቸውን ዘግተዋል። የአከራይዋ የወይዘሮ ቦሰና ልጅ ሲያስል "ሐኪም ቤት ውሰጂው" ብቻ አሏት። ወይዘሮ ቦሰና ደንግጣ "ኧረ ሰውዬው ምን ነካቸው?" አለች። ሳምንት አለፈ። ዮአብ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቅር የሚል ጤንነት አይቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ሄዶ አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ትከሻዬን እያመመኝ ነው።"

አዛውንቱ ቀና አላሉም። "የትኛውን?" አሉ።

"የቀኙን።"

"አንተ ዘንድ ቀኝ የቱ ነው?"

ዮአብ ሳቀ። ጋሽ የሺጥላ ሳቁን ታግለው አቃታቸው። ከዚያ ተነሥተው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ፍለጋ ገቡ፤ ስለ ጡንቻና ስለ ብርድ የሚሰጡት ማብራሪያ እስከ ውጭ በር ይሰማል። ዮአብ ሸሚዙን አውልቆ፣ ምንም ያላመመውን ትከሻውን አመቻችቶ ጠበቃቸው።