ሽማግሌ ሆኜ ሰዓዳን ለጀማል የለመንኩ ዕለት

ዛሬ ሁላችሁም «መምህርነት የተከበረ ሙያ ነው» እያላችሁ ፖስት ስታደርጉ ዋላችሁ አይደል? ኑ እንግዲህ፣ ክብር ምን እንደሠራኝ ልንገራችሁ። ማመን የእናንተ ፋንታ ነው!

ዘመኑ ደርግ ነው። ቀን አብነት አካባቢ አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ ጭድ ተራ ነጋዴ። ልጃቸው ሰዓዳ ትባላለች።

ሰዓዳን እወዳት ነበር። በቃ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ኮት ላለው አስተማሪ ማን ልጁን ይድራል? ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ጀማል እያለ! ባለ ቮልሱ ጀማል! ያ ቮልስ በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። ቅናት ነው፣ ምን እደብቃችኋለሁ?

አንድ ቀን ይኸው ጀማል ሱቁ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ጋሽ ሰይድ ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው። የሰፈሩ ክብር አንተ ነህ፤ አንተ ከተናገርክልኝ እምቢ አይሉም።»

እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ግን «ክብር» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ! ደግሞ ተንኮልም አሰብኩ። በወጉ የሴት ወገን ወዲያው እሺ አይልም፣ ቀጠሮ ይሰጣል። እስከዚያ አንድ ዘዴ አላጣም ብዬ።

ከሁለት አዛውንቶች ጋር ሄድን። መናገር ደግሞ ስችልበት! ጀማልን እናቱ እንኳ እንደዚያ አታወድሰውም።

ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ቀጠሮ እሰጥ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው ግን ከደጄ አላመላልስም። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እዚያው! በዚያችው ቅጽበት!

አዛውንቶቹ ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አሚን አልኩ። ሰዓዳ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሲሸኙን ጋሽ ሰይድ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

«እኔስ ላንተ ነበር ያሰብኳት። ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅህ ኖርኩ። የተማረ ሰው ነህ፣ የነጋዴ ቤት ንቀህ ነው መሰል።»

የሰጡትን ቃል እጠፉት ልበላቸው? ለማኙ እኔው!

እስቲ ፍረዱኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰፈር አስተማሪን የናቀው ማን ሆኖ ተገኘ? ጀማል ነው ብትሉኝ ደስ ይለኛል።