የአቶ አይነካም ቤትና የጎረቤት ዓይን

መንገድ ሁሉ ጉድጓድ እንደማያጣ፣ ሰፈር ሁሉ አሮጌ ነገር የማያስነካ አንድ ሰው አያጣም። የቀለም ቆርቆሮ ይዘህ በበሩ ካለፍክ ፊቱ ይገረጣል። የመዶሻ ድምፅ ከሰማ ጫማውን ሳያስር ይወጣል። የሰው ሞት ሲነገረው «ያለ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፋል፤ የበር እጀታ ተለወጠ ሲባል ግን እህል አይቀምስም።

የዚህ ወገን አለቃ የሚኖሩት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጥሎ ነው። ጡረታ የወጡ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጨፈለቀ መኪናና የተቃጠለ መጋዘን ሲያዩ ስለኖሩ ይሆናል፣ በገዛ ቤታቸው አንዲት ነገር ስትጫር ማየት አይችሉም። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ረስቶታል። ክቡር አቶ አይነካም ነው የሚላቸው፤ ከአፋቸው ዘወትር የሚወጣው ቃል እሱ ነውና።

«አይነካም!»

የእሳቸውና የጥርስ ሐኪሙ ቤቶች መንታ ናቸው። ከስድሳ ዓመት በፊት አንድ ግንበኛ በአንድ ንድፍ ጎን ለጎን አቆማቸው። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ በረንዳቸው እንደ ቆብ ጥላ ወደ ፊት የወጣና በቀጫጭን የብረት ቋሚዎች ላይ ያረፈ፣ መስኮታቸው ከግድግዳ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ ወለላቸው ውስጡ ያሉት ጠጠሮች የሚያበሩ ቴራዞ ነበር። በዘመኑ «የወደፊቱ ቤት» ይባሉ ነበር። የወደፊቱ መጣ፣ አለፈም። ቤቶቹ ቀሩ።

አንደኛው ቀረ ማለት ይሻላል። ዶክተሩ የራሱን ገና እንደገዛ አሳደሰው። ሙያው ነው፤ የተበላሸ ነቅሎ ነጭ መትከል ያውቅበታል። የብረት መስኮቶቹን አስነቅሎ አልሙኒየም አስገባ። ቴራዞውን በነጭ ሴራሚክ ከደነ። የእንጨት ኮርኒሱን በጂብሰም አለበሰ። ቀጫጭኖቹን ቋሚዎች ጥሎ፣ አናታቸው ላይ የሲሚንቶ ቅጠል የበቀለባቸው ሁለት ወፋፍራም ዓምዶች አቆመ። ሥራው ባለቀ ቀን አቶ አይነካም ጥቁር ኮት ለብሰው መጡ። ሳሎን ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልጠጡም። ሲወጡ የዶክተሩን ትከሻ ያዝ አድርገው፣

«እግዜር ያጽናህ» አሉት።

ዶክተሩ ይህን ለብዙ ዓመት እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖረ። ያኔ መሳቅ ይችል ነበር። ደግሞስ ማን አይስቅም? የአቶ አይነካም ቤት የገባ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የቧንቧው ጫፍ እንዳይጫር መፍቻውን ካልሲ አልብሶ ነው የሚሠራው። ካልሲው የራሱ ነው፤ ቤቱ ማበደር አይፈቅድም። ቀለም ቀቢ ሲመጣ ቁም ሣጥኑን ሸሸት ያደርጉና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ያሳዩታል።

«ይህን ነው የምፈልገው። ፀሐይ ያላየውን።»

«ጋሼ፣ ፀሐይ ያላየ ቀለም ካሻዎ መጋረጃ ይግዙ እንጂ፣ እኔ ምን ልሁን?» ብሎ አንዱ ብሩሹን ሰብስቦ ሄዷል።

እንግዳ በዚያ ዝቅ ባለው ሶፋ ላይ ተዝናንቶ ወደ ኋላ ሲል «ቀስ! እሱ አይደገፍም» ይላሉ። «ታዲያ ምን ሊደረግ ነው የተሠራው?» ሲባሉ፣ «ሊቀመጡበት» ይላሉ፤ በቃ። የሴት ልጃቸው የሠርግ ፎቶ እስከ ዛሬ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሚስማር አይገባማ። ልጅቷ ወለደች፣ ደገመች፣ ፎቶው አልተሰቀለም። የዶክተሩ ሚስት አንድ ቀን ለአቶ አይነካም ባለቤት አዝና፣

«እትዬ፣ ወጥ ቤቱን እንኳ ምነው ቢያሳድሱልዎ?» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ» አሉ ሴትየዋ፣ ድስታቸውን እያማሰሉ፣ «ሰውየው አይነካም ያለው ቤቱን ብቻ መሰለሽ?»

ሁለቱ ተያይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ።

መጀመሪያ የመጣው ቃሉ ነው። ይዞት የመጣው ደላላው ነው፤ ደላላ ከቤት በፊት የቤት ስም ነው የሚሸጠው። ዶክተሩ በዚያ ሰሞን ቤቱን ለመሸጥ ቆርጦ ነበር። ክሊኒኩን የተከራየበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው። በቤቱ ዋጋ ለክሊኒኩ ቦታ ካልገዛ፣ መሰርሰሪያውን ጠቅልሎ፣ በዚህ ዕድሜው፣ ለትናንት ተማሪዎቹ ሊቀጠር ነው። ደላላው የዶክተሩን ዓምዶች አየ፣ የአቶ አይነካምን ቋሚዎች አየ፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ፣

«አሁን ገበያው ቪንቴጅ ነው» አለ።

«ምን እጅ?» አለች የዶክተሩ ሚስት።

«ቪንቴጅ።»

«ሁለተኛ እጅ አውቃለሁ። ቪንት እጅ ስንተኛው ነው?»

«እሜቴ፣ ብዙ እጅ ሳይነካው የቆየ ማለት ነው።»

ዶክተሩ ፊቱ እንደ ሎሚ ተጨመቀ። ትናንት አሮጌ ይባል የነበረው ሁሉ ዛሬ ክርስትና ተነሥቶ ስም አግኝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያማምሩ መኪኖች ከአቶ አይነካም በር ይቆሙ ጀመር። ወጣት ባለትዳሮች ከበረንዳው ሥር ቆመው ሽቅብ ያያሉ፣ «ውይ፣ ውይ» ይላሉ፣ እንደ ሕፃን የሚያባብሉት ይመስል። አንድ ፎቶ አንሺ ደግሞ የዶክተሩን በር በትሕትና አንኳኳ።

«ይቅርታ፣ የእርስዎ ዓምዶች በጎረቤትዎ መስኮት መስታወት ላይ እየታዩ ሥዕሉን አበላሹብኝ። ለአንድ አፍታ አንሶላ ቢጣልባቸው…»

ዶክተሩ አንሶላ ሰጠ። ለምን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አያውቅም። በገዛ አንሶላው የገዛ ቤቱ ተገንዞ ሲያይ ግን አንድ ነገር ከሆዱ ገብቶ ተቀመጠ። ቅናት ቁርጥማት ነው፤ ቦታ ከያዘ አይለቅም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አቶ አይነካም መስኮታቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ፣ ዶክተሩ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ በትንሿ መስኮት ማየት ልማዱ ሆነ። ውልወላው የማያልቅ ነው። አንዱን መስታወት ይተነፍሱበታል፣ ያሹታል፣ ራቅ ብለው ያዩታል፣ ተመልሰው ያሹታል።

«አንተ ሰውዬ» ትላለች ሚስቱ ከበሩ ውጭ፣ «የምታጥበው ገላህን ነው የሰው ቤት?»

«አየር እያስገባሁ ነው።»

«አስገባ፣ አስገባ። ልብህ ታፍኗል።»

በመጨረሻ ደላላው ገዢ አመጣ። ገንዘብ ያላት፣ መነጽሯ ፊቷን የሚያህል፣ አሮጌ ቤት እንደ ጌጥ የምትሰበስብ ሴት ናት። ዶክተሩ እሷን ብሎ ተዘጋጅቷል። ከክሊኒኩ መጋዘን የመጀመሪያውን የጥርስ ሕክምና ወንበር፣ ቆዳው የተሰነጠቀውን፣ በጭነት መኪና አስመጥቶ ከሳሎኑ መሐል አቁሞታል።

ሴትየዋ ገባች። ወለሉን አየች። ኮርኒሱን አየች። አልሙኒየሙን በጥፍሯ አንኳኳች።

«ቤቱ የት ሄደ?» አለች።

«ይኸው እኮ ነው!»

«ይሄ ወንበርስ ምንድን ነው?»

«ቪንቴጅ ነው» አለ ዶክተሩ። ደላላው ፊቱን አዞረ።

ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። በመስኮቱ ማዶ ደግሞ ያ ሰውዬ አለ፤ ጨርቁን ይዞ፣ መስታወቱ ላይ እየተነፈሰ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«አሃ» አለች። «እዚያ ሄዷል።»

ደላላውና ገዢዋ ተከታትለው ወጡ። ዶክተሩ ገንዳው ላይ ወጣ። አቶ አይነካም በሩን ሲከፍቱ አየ። ሲስቁ አየ። ሻይ ሲቀርብ አየ። ሴትየዋ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ያን የነሐስ እጀታ በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። አቶ አይነካም «አይነካም!» አላሉም።

«አስነኳት!» ብሎ ከገንዳው ወረደ።

«ምን?» አለች ሚስቱ።

«እጀታውን! አስነኳት እኮ! ሸጠዋል፣ አለቀ!»

ያን ሳምንት ዶክተሩ ሰው አልነበረም። ክሊኒክ ውስጥ የታችኛውን ጥርስ አደንዝዞ የላይኛውን ሊነቅል ሲል በሽተኛው በእጁ ጠቆመው። እሱ የማይሸጥ ቤት ታቅፎ ሊቀር ነው፤ ክቡርነታቸው ግን ምንም ባለመሥራታቸው ሊበለጽጉ ነው! አንድ ሚስማር ያልመታ ሰው! ይህን እያለ ሲብከነከን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ሴትየዋ ከገባች በኋላ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን የሚወለውለው ማን ነው? ሠራተኛ ትቀጥራለች። ሠራተኛው በመርጫ ረጨት ረጨት አድርጎ ይሄዳል። አይተነፍስበትም። ራቅ ብሎ አያየውም። ያኔ ቅናቱ አቅጣጫ ለወጠ፤ ዶክተሩ በአቶ አይነካም መቅናቱን ትቶ በገዢዋ መቅናት ጀመረ። ደግሞ ይኼኛው ያኛውን ያህል አይጣፍጥም፤ መራራ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ሄደ። አቶ አይነካም በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሹራብ ይሠራሉ።

«ሸጡት?» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ?»

«ጋሼ፣ አይቀልዱ። እጀታውን ሲያስነኳት አይቻለሁ።»

«ከየት ሆነህ?»

ዶክተሩ ወደ ገዛ ቤቱ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ከገንዳው ላይ ነው አይደል? ተጠንቀቅ እንጂ። ያ ሴራሚክህ እርጥብ ሲሆን ሰው ይገድላል።»

እትዬ ሹራባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ እየሳቁ ነው።

«እንግዳ ነች፤ እጇን ልምታት?» ቀጠሉ አቶ አይነካም። «ነካች፣ ሄደች፣ ወለወልኩት። አልሸጥኩም።»

«ያን ያህል እየሰጠችዎ!»

«ሰጠችኝ። ሌላ ቤትም አሳየችኝ፤ ፎቅ ላይ፣ ንጹሕ። ጎረቤቶቹ ጨዋ ናቸው አለችኝ። ማንም ማንንም አያይም አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ከፋው?»

አቶ አይነካም ጨርቃቸውን አጣጠፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣጠፉ።

«ስማ ዶክተር። በዚህ ዕድሜ ሰውን ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሣው ምን ይመስልሃል? እኔ አንድ ዓይን ከዚያች መስኮት ወጥቶ እንደሚያርፍብኝ አውቃለሁ። ሲያመኝ እንኳ እነሣለሁ፤ ደስ እንዳይልህ። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለቧልት አይምሰልህ። እዚያ ማንም የማያየኝ ፎቅ ላይ ወጥቼ ለማን ልወልውል?»

ዶክተሩ ተሰደበ ወይስ ተመሰገነ? ሁለቱም ሳይሆን አልቀረም።

«አንተ ደግሞ» አሉ እትዬ ባላቸውን፣ «ምቀኛ ምቀኛ ትላለህ፤ የሰው ልጅ ክሊኒኩ ሊዘጋበት ነው።»

«ለምን ይዘጋል? ክሊኒክ አለው አይደል እንዴ!» አቶ አይነካም በጨርቁ ወደ መንታው ቤት ጠቆሙ። «ወለሉ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ አልሙኒየም፣ መብራቱ ዓይን የሚያጠፋ። ልጆቻችሁ ሄደዋል፤ ለእናንተ የኋላው ክፍል አይበቃም? ያን ጊዜ ለቅሶ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? ቤት መሆኑ ቀርቶ ክሊኒክ ስለሆነ ነዋ! የጎደለው ወንበር ነው።»

«ወንበሩስ ገብቷል» አሉ እትዬ።

ዶክተሩ ተቆጥቶ ወጣ። በሩን ሊያላትመው አሰበና እጀታውን አይቶ ቀስ ብሎ ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሜትር ይዞ ሳሎኑን ሲለካ አገኘችው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ዝም በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።»

ክሊኒኩ እዚያው ተከፈተ። ለጥርስ የሚበቃ ብርሃን ያለው በዚያ በሰፊው መስኮት በኩል ብቻ ስለሆነ የታካሚው ወንበር ፊቱን ወደ አቶ አይነካም ቤት አዙሮ ተተከለ። ክቡርነታቸው ይህን እንዳዩ የውልወላውን ሰዓት ከክሊኒኩ መክፈቻ ጋር አስተካከሉት፤ ተመልካች ጨምሯላ። አፉን የከፈተ ሁሉ «አቤት ቤት!» ለማለት ይሞክራል። ዶክተሩ ይንጨረጨራል፣ ጥጥ ይጎሰጉስበታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሕንፃ ተቋራጭ መጣ፤ መንጋጋው አብጧል። ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፣ በመስኮቱ አየ፣ በሕመሙ መሐል ሙያው አሸነፈው።

«ዶክተር፣ ያን ያረጀ ቤት ምነው ነቅለው ባሳደሱት? አልሙኒየም ቢገባበት፣ ፊቱ መስታወት ቢለብስ፣ ከፊት ሁለት ወፍራም ዓምድ ቢቆምለት…»

ዶክተሩ የማደንዘዣውን መርፌ አንሥቶ ነበር። መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው፣ መስተዋቷንና ሹሏን መንቆሪያ አነሣ።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለ።

በዚያን ቀን ማደንዘዣው ትንሽ ዘገየ።