ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጋዋን

የሌላ ሰው ጣዖት ከሩቅ ይታያል። እኔ ለምሳሌ የጎረቤታችንን ለመለየት አንድ ቀን አልፈጀብኝም፤ ሞባይሉ ነው። ያኔ ሞባይል ላስታ ገና መግባቱ ነበርና በእኛ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ከላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ወገቤን ይላል፤ ጉብታው ላይ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣል። እዚያ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ያየው ሰው ምሕላ የያዘ ይመስለዋል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኳስ ነው የሚያመልከው፤ የእንግሊዝ ክለቡ የተሸነፈ ዕለት እህል በአፉ አይዞርም፣ ዓርብ መጾም ግን ጨጓራውን ያመዋል። ላሊበላ ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን ዘንድ የሄድን እንደሆነ ወሬው ሁሉ ስለ ስፖንሰር ነው፤ አንዱ ፈረንጅ አድራሻውን የጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ለማሰር ምንም አልቀራቸውም። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ አይጠፋም። ይህን ስታነቡ እንኳ የአንድ ሰው ስም ትዝ ብሏችኋል።

የራሳችሁ ግን አይደለም።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ዓይን አፋርም ነኝ። ተማሪዎቼ ፊት እንደምንም እቆማለሁ፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ግን የነጠላዬን ጫፍ ማኘክ ይቀናኛል። ታዲያ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዎች አንድ እሁድ “ስለ ዘመኑ ጣዖታት አስተምሪን” ብለው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አፈርኩ። አፍሮ እሺ ማለት እምቢ ከማለት የባሰ መዘዝ እንዳለው የማያውቅ ሰው ዓይን አፋር ሆኖ አያውቅም። ቆምኩና ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ስም ሳልጠራ፣ ዘረዘርኩት። ሰው ሳቀ፤ ጎረቤታችን ስልኩን ኪሱ ከተተ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ትሰማ ነበር።

የእኔ ችግር እናቴ የሰማችውን የምትፈጽም ሴት መሆኗ ነው። ቤት እንደገባን የእሁድ ድራማ የምትከታተልበትን ሬዲዮዋን በጨርቅ ጠቀለለችና ጎታ ውስጥ ከእህሉ ጋር ቀበረችው። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ “ሌላ የቀረ አለ፣ ልጄ?” አለችኝ።

“የለም” አልኩ።

ነበረ እንጂ። በምሥራቁ ግድግዳችን ላይ ነበረ።

እንደምታውቁት ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነው። በእኛም ቤት የእመቤታችንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ መጋረጃ ተጋርዶባቸው ተሰቅለዋል። እናቴ ማለዳ መጋረጃውን ትገልጣለች፣ ትሰግዳለች፣ መልሳ ትጋርዳለች። ከሥዕሎቹ አጠገብ ግን ሌላ ነገር አለ፤ የእኔ የምርቃት ፎቶ። ጋዋን ለብሼ፣ ቆብ ደፍቼ፣ ዲፕሎማዬን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጌ ይዤ። ጭስና ዝንብ እንዳያበላሸው ብላ መጋረጃው ውስጥ ያስገባችው እናቴ ናት። መምሬ ገብሩ፣ የንስሐ አባታችን፣ ቤት ሊረጩ በመጡ ቁጥር ጠበሉ ለእኔ ሁለት ጊዜ ይደርሰኛል፤ አንዴ ለቆምኩት፣ አንዴ ለተሰቀልኩት።

እንግዲህ ስምንት ዓመት የደበቅኩትን ልናገር። ያ ፎቶ የምርቃት አይደለም። ደሴ ለመምህርነት ስማር በመጨረሻው ዓመት አንድ ትምህርት ወደቅሁ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ አልተመረቅሁም። እናቴ ደግሞ መንደሩን ሁሉ አስከትላ ልትመጣ ነጠላዋን አጥባለች። ከጋሸና ወዲያ መንገዱ ተበላሽቷል፣ አትልፉ፣ ብዬ ላክሁባትና ፎቶ ቤት ገባሁ። ጋዋኑ ለመጣ ሁሉ የሚለበስ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዲፕሎማው ፎቶ አንሺው ጠቅልሎ ሪባን ያሰረበት የግድግዳ ካሌንደር ነው። የወደቅሁትን ትምህርት በዓመቱ በክረምት ተምሬ አለፍኩ፤ ጋዋንም ጭብጨባም በሌለበት እውነተኛውን ወረቀት ተቀብዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ተሰቅሎ የሚሰገድለት ግን ካሌንደሩ ነው።

ሬዲዮዋ ጎታ ከገባ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። እሁድ ድራማው በሚጀመርበት ሰዓት እናቴ እጆቿን አጣምራ ስትቀመጥ ሳያት አንጀቴ እርር አለ፤ በእሷ ሳይሆን በዚያች ቆብ በደፋችው። መምሬ ገብሩ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ተናዘዝኩ።

“አባቴ፣ መቶ ስግደት ይስጡኝና ይብቃኝ” አልኳቸው።

“ወዴት ዞረሽ ልትሰግጂ ነው?” አሉኝ።

ወዴት እንደሚሰገድና እዚያ ማን እንዳለች ሁለታችንም እናውቃለን።

“አውርጂው፣ ልጄ። በእጅሽ። ለእናትሽም በአፍሽ ንገሪያት።”

በማግስቱ እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ መጋረጃውን ልትመልስ ስትል እጇን ያዝኩና ፎቶውን አወረድኩት። ከዚያ እንደ ልጅ እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

“ጋዋኑ ያንቺ አይደለም?”

“የፎቶ ቤቱ ነው፣ እማዬ።”

“ቆቡስ?”

“እሱም።”

“የያዝሽው ወረቀትስ?”

“ካሌንደር ነው።”

ፎቶውን ከእጄ ወስዳ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ብዙ አየችው። “የየትኛው ዓመት?” አለች። አላወቅሁም። ፎቶውን በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችውና፣ “ስምንት ዓመት ከእመቤቴ ጎን ሰቅዬሽ” አለች፤ “አሁን ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?”

“እኔ ነኝ።”

ጎታው ውስጥ እጇን እስከ ብብቷ ሰደደች፣ ሬዲዮዋን አወጣች፣ ገብሱን አራግፋ ከፈተችው።

“ይኼ እንኳ አልዋሸኝም” አለች።

በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። እናቴ ግን ሳምንት አኩርፋ ከረመችና፣ “እውነተኛው የታለ?” አለችኝ። ከሳጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት። ከጋሸና መስታወት ያለው ክፈፍ አስመጥታ ልትሰቅለው ስትል ምሥራቁ ግድግዳ ላይ እንዳይሆን ለመንኳት፤ ምዕራቡ ላይ ሰቀለችው። ለረከሰ ነገር ሰው አስሰግጃለሁ ብላ የተጨነቀች ሴት፣ አሁን ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ምዕራብ አዙራለች። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ሳይቀርብለት፣ “ይኼኛው ማኅተም አለው” ትለዋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

እኔማ ነፃ ወጥቻለሁ። አሁን ወደ ምሥራቅ ስሰግድ ለዲፕሎማዬ ጀርባዬን ነው የምሰጠው። ከስግደቱ ቀና ስል ብቻ አንገቴ ትንሽ ዞር ይላል። ክፈፉ እንዳልዘመመ ለማየት ነው።