የጥንቸሏ ጉዳይ በጥናት ላይ ነው

ችኮላ አገር ባጠፋበት በዚህ ዘመን፣ ሳያጠኑ አንዲት ማንኪያ ስኳር እንኳ ሻያቸው ውስጥ የማይጨምሩ ሰው በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ መኖራቸውን መመስከር ግዴታችን ነው። እኚህ ሰው አቶ ክላይቭ ሃርዲንግ ይባላሉ። በከተማቸው ምክር ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሲሆን፣ በወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን ጉዳይ ለአሥራ አንድ ዓመት በጥልቀት ማጥናታቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። ጥናቱ ሲጠናቀቅ ሕዝቡ በጀልባ መሻገር ለምዶ፣ ዋናተኛም በዝቶ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራቸው የተጀመረው ውሻቸው በእርጅና በሞተ በሦስተኛው ወር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ራይሊን ከእንስሳት መጠለያ ተመልሰው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣

«ክላይቭ፣ አንዲት ግራጫ ጥንቸል አየሁ። ኦልጋ ትባላለች። አንድ ጆሮዋ የወደቀ ነው፤ እስካሁን ማንም አልወሰዳትም። እናምጣት?» አሉ።

አቶ ክላይቭ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ተገቢነቷ ሳይጠና?»

«ጥንቸል እኮ ናት!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ራይሊን።»

በዕለቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ክላይቭ፣ ጸሐፊም አቶ ክላይቭ ሆነው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ወይዘሮ ራይሊን ያለ ድምፅ በታዛቢነት እንዲሳተፉ ተፈቀደላቸው፤ ለተደረገላቸው ዕድል ምስጋና ሳያቀርቡ ወደ ኩሽና ሄዱ።

በመጀመሪያ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያዋ በመጠለያው የምትሠራው ጎረቤታቸው ሻርማይን ነበረች፤ ሹራቧ ላይ ድርቆሽ ተሰክቶ የማይጠፋ ሴት።

«ስትታቀፍ ደስ ይላታል?» ሲሉ ጠየቁ ሰብሳቢው።

«ኧረ አትወድም።»

«ስትጠራስ ትመጣለች?»

«ደስ ካላት።»

«ቤት ትጠብቃለች?»

«የኤሌክትሪክ ገመድ ትቆረጥማለች እንጂ።»

«ታዲያ ጥቅሟ ምንድን ነው?»

«አንተስ ስትጠራ ትመጣለህ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ራይሊን ከኩሽና። አስተያየቱ ከታዛቢ የመጣ በመሆኑ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ቀጥሎ የመስክ ሥራ ሆነ። ጥናት በወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር አይደለምና፣ አቶ ክላይቭ ሳሎኑን በጥንቸል ዓይን ለማየት በሆዳቸው ተሳቡ። ከሶፋው ሥር ዘጠኝ ገመድ፣ የደረቀ ብስኩትና አምና ተሰረቀብኝ ብለው ለፖሊስ ያመለከቱትን ሰዓት አገኙ። መውጫው ግን ጠበባቸው።

«ክላይቭ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«መስክ ላይ ነኝ።»

«እግርህን ይዤ ልጎትትህ?»

«ቀስ ብለሽ።»

አራት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ወይዘሮ ራይሊን፣ «ለመሆኑ ያለ ናሙና ጥናት አለ?» ብለው ሲጠይቁ ሰብሳቢው ደነገጡ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከታዛቢ አንደበት እንዲህ ያለ ቁም ነገር ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ኦልጋ ለሁለት ሳምንት በናሙናነት መጣች።

ናሙናዋ ድርቆሿን በላች፣ በሳጥኗ በሥርዓት ተጸዳዳች፣ የቴሌቪዥኑን ገመድም ለሁለት ከፈለች። በሦስተኛው ቀን አቶ ክላይቭ ሲጽፉ መጥታ እግራቸው ላይ ተጋደመች። እግራቸው እስኪደነዝዝ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቁም። በመዝገቡ ላይ «ናሙናዋን ላለመረበሽ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ትኩስ ቅጠል በእጃቸው እየቆረጡ ማቅረብ ጀመሩ፤ ይህም «የምርምር ግብዓት» ተባለ። ቅጠሉን ሲያቀርቡ ግን «የኔ ቆንጆ» ማለት ለምን እንዳስፈለገ መዝገቡ አያብራራም።

እሑድ ከምሳ በኋላ አርባ አንድ ገጽ ያለው ሪፖርት ቀረበ። «ጥንቸሏ ለዚህ ቤት ተገቢ ሆና ስላልተገኘች፣ ለተጨማሪ ጥናት ለከርሞ ትተላለፍ» ይላል።

ወይዘሮ ራይሊን ሪፖርቱን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ስለ ገመድ ዘጠኝ ገጽ፣ ስለ ድርቆሽ አሥራ አንድ ገጽ ተጽፏል። «ዕድሜ» የሚለው ምዕራፍ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጥንቸል እስከ አሥር ዓመት ትኖራለች። ከዚያስ?»

ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቧት። አቶ ክላይቭ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከመስኮቱ ማዶ በዝናብ ውስጥ፣ ማንም አያግዘኝ ብለው፣ ለውሻቸው የቆፈሩት መቃብር አለ። ያን ምዕራፍ ለማስፋፋት ስንት ጊዜ ተቀምጠው ስንት ጊዜ እንደተነሡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ራይሊን ስልኩን አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ።

በማግሥቱ ሻርማይን ሳጥንና ፎርም ይዛ መጣች።

«ወዴት ልትወስጃት ነው?» አሉ አቶ ክላይቭ።

«ሌላ ቤተሰብ ጠይቋታል። ትናንት በስልክ፣ በሦስት ደቂቃ ወሰኑ።»

«በሦስት ደቂቃ?» የሰብሳቢው ፊት ቀላ። «ገመዳቸውን ሸፍነዋል? ግራ ጎኗን ሲነኳት እንደማትወድ ያውቃሉ? ቅጠሉ ታጥቦ፣ ጠፈፍ ብሎ እንደሚቀርብላትስ?»

«እንጃ፣ አልጠየቅኳቸውም።»

«ኦልጋን ለእንዲህ ያለ ችኩል? ሞቼ ነው ቆሜ! አምጪ ፎርሙን!»

እስክሪብቶውን ከእጇ ነጥቀው በቁማቸው ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን እየመለሱ፣

«የዚያን ቤተሰብ ስም ንገሪኝ። የተግሣጽ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ» አሉ።

ሻርማይን ወይዘሮ ራይሊንን አየች። ወይዘሮ ራይሊን ጣሪያውን አዩ።

«ስማቸው... ጠፋኝ» አለች ሻርማይን። «በሉ ከመኪናው ሌላኛዋን ላምጣ።»

«ሌላኛዋን? የቷን?»

«እህቷን ነዋ! ጥንቸል ብቻዋን አትሰጥም። ፎርሙ ላይ አለ እኮ፣ ከፊርማዎ ከፍ ብሎ።»

አቶ ክላይቭ ፎርሙን አንሥተው አነበቡ። እንደተባለው ነበር። በዕድሜያቸው ሳያጠኑ የፈረሙበት ብቸኛ ወረቀት ይኸው ነው።

«ምንም አይደል፣ ክላይቭ» አሉ ወይዘሮ ራይሊን፣ በሩን ለሻርማይን እየከፈቱ። «አንዷ ለንጽጽር ትጠቅምሃለች።»