ስለ አንዲት ትርፍ «ት» የተያዘ ቃለ ጉባኤ

እሑድ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ፣ 4፡00 ሰዓት።

ቦታ፦ የእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ቤት፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር።

ከሠላሳ ሁለት አባላት አሥራ ሰባት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። አሥራ ሰባተኛው ሰው ድስት ሊዋስ መጥቶ ተቀመጥ የተባለ ነው።

የተገኙ፦ መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ሰብሳቢ፤ አቶ ክንዱ፣ የሙሽራው አባት፤ ወይዘሮ ንግሥቴ፣ የሙሽሪት እናት፤ ሙሽሪት ሜላት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፤ ወይዘሮ እንቁ፣ ጸሐፊ። የቀሩት እጅ ለማውጣት የመጡ ናቸው።

አጀንዳ 1፦ የሜላትና የወንድምአገኝ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ሳለ ስለቀረበ አቤቱታ

አቶ ክንዱ፣ ባለፈው ወር ሜላት ለአባላት ስለ ደም ምርመራ ስታስረዳ «በሰው ገላ ውስጥ ከተጻፈው ግማሽ ያህሉ ድግምት ነው» ማለቷን ጠቅሰው፣ ልጃቸውን ከድግምተኛ ቤት እንደማያጋቡ አሳውቀዋል። ማስረጃ ሲጠየቁ ያለፈውን ወር የቃለ ጉባኤ መዝገብ ገልጠው አሳይተዋል። መዝገቡ እንደዚያው ይላል።

ወይዘሮ ንግሥቴ «አያ ክንዱ፣ የእርስዎ ልጅ ገላ ባዶ ወረቀት ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። አቶ ክንዱ በመልስ ፈንታ፣ ከቡሬ ገበያ የገዙት በሬ ብቻውን ወደ ሻጩ ቤት ስለተመለሰበት ቀን ተናግረዋል። ታሪኩ ባለፉት ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ ስላለ እዚህ አልተጻፈም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሠርጉ እንዲቀር፣ አባላት በሙሉ ድግምቱ እስኪለቃቸው ሰባት ቀን ጠበል እንዲጠመቁ፣ ድግምት የሚሠራው በመደጋገም ነው ስለተባለም ከእድሩ ደንብ ተደጋጋሚ አንቀጽ ሁሉ እንዲወጣ ተወስኗል። ደንቡ ሲታይ «ድንኳኑን የተጠቀመ ያጥፍ» የሚለው አራት ቦታ ተገኝቷል። የትኛው ይቅር በሚለው ላይ ሁለት አባላት ተኳርፈው ወጥተው፣ ዝናብ ስለያዛቸው ተመልሰዋል።

አጀንዳ 2፦ የሙሽሪት መልስ

ሜላት «ድግም»፣ ማለትም ተደጋጋሚ፣ እንጂ «ድግምት» እንዳላለች ተናግራለች። ዲኤንኤ የሚባለው የገላ ጽሑፍ አራት ፊደል ብቻ እንዳለው፣ አንዱ ቃል በብዙ ቦታ ደጋግሞ እንደሚመጣ፣ ይህም በሁላችን ዘንድ ያለ መሆኑን አስረድታለች። ጸሐፊዋ በስድሳ ዓመታቸው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል መልቀማቸውን አስታውሰው፣ አራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንንም አስተምሩኝ ብለው ደጅ እንደማይጠኑ አስመዝግበዋል።

መሪጌታ «አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን ስንል ድግምት ነው? አንተስ ክንዱ፣ ጧት ጧት ዳዊት ትደግም የለም?» ብለዋል። አቶ ክንዱ ዳዊቱ ሌላ እንደሆነ ገልጸዋል። በምን ሌላ እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ በሬው ተመልሰዋል።

ሜላት ቀጥላ፣ አንዳንዱ ድግም ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ከሰው ሰው ስለሚለያይና ልጅም ከወላጆቹ ስለሚወርሰው፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ መሆኑን ተናግራለች። «የወንድምአገኝን ግን ሳይመረመርም አውቄዋለሁ። የበሬውን ታሪክ ስድስት ጊዜ ነግሮኛል» ብላለች።

አቶ ክንዱ «በሬው በሩ ላይ ቆሞ ማግሣቱንም?» ብለው ጠየቁ።

«እያገሣ ነው የነገረኝ፣ አባባ።»

አቶ ክንዱ «የኔው ነው» ብለዋል። ዓይናቸው ውስጥ አቧራ መግባቱን አባላት እንዲያውቁላቸው ጠይቀዋል።

አጀንዳ 3፦ «ት» ከየት መጣች?

ጸሐፊዋ ፊደሏ የእሳቸው መሆኗን አምነዋል። ባለፈው ወር አሥራ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሲጮህ አንዲት ትርፍ ፊደል መግባቷ እንደማይገርም፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማንበብ የሚያውቁ ወንዶች ብዕር ሲዘረጋላቸው ዓይናቸውን እንደሚያማቸውም አክለዋል። የተቃወመ የለም። ብዕሩን የጠየቀም የለም።

ውሳኔ፦ «ት» በአሥራ ሰባት ድምፅ ትሰረዝ ተብሏል፤ ድስት ሊዋስ የመጣውም እጁን አውጥቷል። በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። የሚጠመቅ በፈቃዱ ይጠመቅ። የድንኳኑ አንቀጽ አራት ጊዜ ተጽፎም ድንኳኑ ታጥፎ ስለማያውቅ ባለበት ይቆይ። አቶ ክንዱ በሠርጉ ላይ በሬውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያነሡ ቢወሰንም «እንግዳው ይደገም ቢለኝስ?» ስላሉ፣ ይህም ውሳኔ ተሽሯል።

ስብሰባው 8፡10 ላይ ተበትኗል። «ት» ለጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ተሰርዛለች።