አምቦ ውሃ ውስጥ ያሳደርኩት ጎማ

ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሜዳው ላይ ያልነበራችሁ፣ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የነበራችሁ ደግሞ እባካችሁ ሳቃችሁን ጨርሱና አንብቡ!

አዎ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ። የአንደኛ ዓመቱ። ነጭ ጋዋን ለብሶ የቆመው።

(ማን ጋዋን ልበስ አለህ? ማንም!)

የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጅ አስቴር "ሰው ከሚያወራብህ ራስህ ጻፈው" ስላለችኝ ይኸው ልጽፈው ነው።

የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ኦቦ ደባ በትርፍ ሰዓታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሲሠሩ ነበር። ክንፏ ከቀርከሃና ከወረቀት ነው። ሞተሯ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ነው። በረጅም ሽቦ ተይዛ፣ በያዛት ሰው ዙሪያ እየዞረች ትበራለች ተብሎ ነበር።

ተብሎ ነበር!

ኦቦ ደባ ወደ ባኮ ተዛውረዋል። የሚሄዱት ሰኞ ስለነበር፣ እዚህ እሷን ለማብረር የቀረቻቸው ቀን ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ቤንዚኑም ያው አንድ ጠርሙስ። እሱንም ከሞተር ብስክሌታቸው የቤንዚን ኩፖን ለማትረፍ ሳምንቱን ሙሉ በእግራቸው ነው ሥራ የገቡት። በዚያ ጭቃ!

እኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ነው። ቤንዚኑን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ቀጭን ጎማ መምረጥ። የድሮው ተሰነጣጥቆ ነበር።

ሁለት ጎማ ነበረኝ። አንዱን ኦቦ ደባ እጃጂ ካለ ወፍጮ ቤት ለምነው ያመጡት ነው፤ ከወፍጮው ሞተር የተረፈ የነዳጅ ቱቦ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሽታው ራስ የሚያዞር። ሌላውን ከላብራቶሪ መሳቢያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ አዲስ።

የአውሮፕላኗ ክንፍ ቀይ ነው። ጎማውም ቀይ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? እውነቱን!

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ" አሉኝ ኦቦ ደባ፣ "የወደድከውን ምረጥ። ግን መጀመሪያ ያንኑ የሚያሳልፈውን ነገር አጠጣው። ሁለት ቀን ነክረህ አሳድረው። ጎማ እንደ ሰው ነው፤ ከሁሉም ጋር አይስማማም።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት እወዳለሁ። ችግሬም እሱ ነው።

ዶርም ገብቼ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ሰውየው በጭቃ እየተመላለሱ ያጠራቀሙትን ቤንዚን እኔ ጎማ ልንከርበት? አንድ ብርጭቆ ቤንዚን እኮ ስንት ዙር ያስኬዳል! በሌላ ነገር መተካት አለበት። ኃይለኛ በሆነ ፈሳሽ።

መልሱ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል።

አምቦ ውሃ!

አትሳቁ። እዚህ አምቦ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ የምሰማው ስለ እሱ ጉልበት ነው። ሚስማር ያዝጋል፣ ቧንቧ ይበላል፣ ድንጋይ ብትበላ ይፈጭልሃል። እሱን የቻለ ጎማ ቤንዚን ያቅተዋል?

ቀዩን ሁለት ቀን ነከርኩት። ጠዋትና ማታ በማስመሪያ ለካሁት። ሪፖርትም ጻፍኩ፦ "ምንም ለውጥ አልታየበትም።"

ፈረምኩበት እኮ!

ዓርብ ዕለት ሪፖርቱን ስሰጣቸው ኦቦ ደባ "አሳደርከው?" አሉኝ።

"ሁለት ቀን ሙሉ!"

በምን ውስጥ እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

(ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ያስቸገረኝ ይህ መስመር ነው።)

ቅዳሜ ኦቦ ደባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሚባል የለም። ታንኩን ሞሉና ተማሪው እስኪሰበሰብ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን።

ጉድ የሠራችኝ ያቺ አንድ ሰዓት ነች።

እኔ አውሮፕላኗን ያዝኩ። ኦቦ ደባ ጎንበስ ብለው ፕሮፔለሩን በጣታቸው መቱት። ሞተሩ ተነሳ! ሜዳው በፉጨት ተናጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ!

ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ቀዩ ጎማዬ ቤንዚኑን ሲጠጣ ቆይቶ ደም እንደጠገበ አልቅት አብጧል። እያየሁት ከሞተሩ ሾልኮ ወጣ።

ቤንዚኑ ኦቦ ደባ ኮት ላይ ተረጨ። አንድ ሰው "ሲጋራ አጥፉ!" ብሎ ጮኸ። ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። ከቀረው ቤንዚን አብዛኛው ሳሩ ላይ ፈሰሰ። አውሮፕላኗ ከእጄ እንኳ አልወጣችም።

ኦቦ ደባ ጎማውን አንስተው በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉት።

"በምን ነበር የነከርከው?"

"በ... አምቦ ውሃ።"



ከኋላ አንዱ "አውሮፕላኗ ልታገሳ ነው!" አለ። ሜዳው ፈነዳ። "ጓድ ኢንጂነር፣ በሎሚ ይሻል ነበር!" አስቴር እንኳ ሳቀች።

ኦቦ ደባም የሳቁ መሰለኝ። ግን ዓይናቸው ሰማዩ ላይ ነበር።

"ቤንዚኑን ላተርፍልዎ ብዬ ነው" አልኩ።

"ገብቶኛል" አሉ። "የእኔም ጥፋት አለበት። ስንት ዓመት ላብራቶሪ ሠርቼ፣ ሪፖርትህ ላይ በምን እንደነከርከው አለመጻፉን አላየሁም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር!

ሰኞ ጠዋት ሻንጣቸውን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አውሮፕላኗን በጋዜጣ እንደተጠቀለለች አስታቀፉኝ። ቀጥሎ ከቦርሳቸው አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አወጡ። ውስጡ ታንኩ ግርጌ የቀረችው ሁለት ጣት ቤንዚን አለች። ቤንዚኗ ውስጥ የእጃጂው ጥቁር ጎማ ተነክሯል።

"ሁለት ቀን" አሉኝ። "ከዚያ መልእክት ላክልኝ። ቤንዚን ሳገኝ እመጣለሁ።"

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠርሙሱ ከላብራቶሪው መስኮት ውጭ ቆሟል፤ "አይጠጣም! ክብሪት አታቅርቡ!" ብዬ ጽፌበታለሁ። ጎማውን አውጥቼ ለካሁት። ሪፖርት ግን አልጻፍኩም፤ ፊርማዬን ማን ያምናል?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ባኮ የምትወርዱ ካላችሁ አደራ። ኦቦ ደባን ፈልጉና "ጥቁሩ አላበጠም" በሉልኝ።

በምን ውስጥ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

በቤንዚን፣ በሏቸው። አሽትቼዋለሁ።